ጠብ ሳይመጣ የሚመረጥ ዳኛ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዓለም አቀፍ የንግድ ግልግል ዳኝነት ነው። ርእሱ ለጠበቆች ብቻ የተሰናዳ ይመስላል። ነገር ግን ቡና ወደ ውጭ የሚልክ፣ ማሽን የሚያስመጣ፣ ከውጭ ኩባንያ ጋር ተሻርኮ ፋብሪካ የሚተክል ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ይህ ጉዳይ በፈረመው ወረቀት ላይ ሰፍሯል ማለት ይቻላል። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከቡና እንጀምር። አንድ የአዲስ አበባ ላኪ ለአንድ የጀርመን ገዢ የይርጋጨፌ ቡና ሲሸጥ ውሉ ረጅም አይደለም። ደረጃው፣ ዋጋው፣ የሚጫንበት ወር፣ ወደቡ ይጠቀሳል። ከዚያ የአውሮፓ ቡና ፌዴሬሽን መደበኛ ውል ተፈጻሚ እንደሚሆን የምትገልጽ አንዲት መስመር ትገባለች፤ ከእርሷም ጋር የአንድ ከተማ ስም፤ ሃምቡርግ ወይም ለንደን። ላኪው በዋጋው ሲከራከር ይከርምና ይህችን መስመር ሳያያት ያልፋል። ጭነቱ ሲዘገይ ወይም ቡናው ከናሙናው ተለየ ሲባል ግን ከውሉ ሁሉ የምትከብደው እርሷ ትሆናለች። ክርክሩ ልደታ ፍርድ ቤት አይሄድም። በዚያች ከተማ፣ የቡናን ንግድ አሳምረው በሚያውቁ ገላጋዮች ፊት ይታያል።

ነጋዴዎች ፍርድ ቤት እያለ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ገዢው የእኛን ፍርድ ቤት አያውቀውም፣ ቋንቋውንም አይሰማም፤ ለአገሬው ሰው ያደላብኛል ብሎም ይሰጋል። እኛም በእርሱ አገር ፍርድ ቤት ስንቆም የሚሰማን ያው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ በእኔ ግምት ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። የአንድ አገር ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ድንበር ሲሻገር ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈ ሰው ሃምቡርግ ያለን የባንክ ሒሳብ በዚያ ፍርድ ብቻ ማስከበር ይቸግረዋል። የግልግል ውሳኔ ግን ድንበር ይሻገራል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው የታሪኩ ዋና ክፍል።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ግልግል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አገራችን ሽምግልና ይሄዳል። ሽማግሌዎች ግን የሚደክሙት ለማስታረቅ ነው፤ አንዱ ወገን እምቢ ካለ ተነሥቶ መሄድ ይችላል። የግልግል ዳኛ ይፈርዳል። በሁለቱ ስምምነት ይሾማል እንጂ ከተሾመ በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ የተሸናፊውን ፈቃድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ታሪኩ። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው የዓለም የንግድ ምክር ቤት በ1919 ተመሠረተ፤ በ1923 ደግሞ የግልግል ፍርድ ቤቱን አቋቋመ። ስሙ ፍርድ ቤት ይባል እንጂ ራሱ አይፈርድም፤ ዳኞችን ያጸድቃል፣ ሒደቱን ይቆጣጠራል፣ የውሳኔውን ረቂቅ ይመረምራል። በዚያው ዓመት ስለ ግልግል የተደረገው የጄኔቫ ፕሮቶኮል፣ በ1927 ደግሞ የጄኔቫ ስምምነት ተከተሉ። የ1927ቱ ስምምነት አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። አሸናፊው ውሳኔው በተሰጠበት አገር የመጨረሻ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ በተግባር ይህ ማለት መጀመሪያ እዚያ ፍርድ ቤት ሄዶ ማጽደቅ፣ ከዚያም ንብረቱ ባለበት አገር ሌላ ፍርድ ቤት ፊት እንደገና መቆም ማለት ነው። ተሸናፊ የሚፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለውን መጓተት ነው።

ይህን ያስተካከለው በ1958 በጁን ወር ኒውዮርክ ላይ የተፈረመው ስምምነት ነው። ስምምነቱ በተዘጋጀበት ጉባኤ ላይ ፒተር ሳንደርስ የተባሉ የኔዘርላንድስ የሕግ ሊቅ ያቀረቡት ሐሳብ የረቂቁን መንፈስ ለወጠው። ድርብ ማጽደቅ ቀረ። የማስረዳት ሸክሙም ወደ ተሸናፊው ዞረ፤ ውሳኔው አይፈጸም የሚል እርሱ ምክንያቱን ያስረዳ ተባለ። ምክንያቶቹም ተቆጥረው ተቀመጡ። የግልግል ስምምነቱ ዋጋ የሌለው ከሆነ፣ ተከራካሪው በአግባቡ ካልተጠራ፣ ዳኞቹ ከሥልጣናቸው ካለፉ፣ የዳኞቹ ጉባኤ በተከራካሪዎቹ ስምምነት መሠረት ካልተቋቋመ፣ ውሳኔው ገና ካልጸና ወይም በተሰጠበት አገር ከተሻረ፤ በተጨማሪም ጉዳዩ በግልግል የማይታይ ከሆነ፣ ወይም ውሳኔው የፈጻሚውን አገር የሕዝብ ሞራልና መሠረታዊ ጥቅም የሚጻረር ከሆነ። በቃ። ዳኞቹ ሕጉን በትክክል ተርጉመውታል ወይ የሚል ጥያቄ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች የዚህ ስምምነት አባል ናቸው።

ይህን ነጥብ አስቡበት። ዳኛ ቢሳሳትም ውሳኔው ይፈጸማል ማለት ነው። ፍጥነትና የመጨረሻነት የተገዙት በእርምት ዋጋ ነው። ዳኞቹ ጥሩ ሲሆኑ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሳይሆኑ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል ጥቂት ቆይተን ናይጄሪያ ላይ እናያለን።

ግን መጀመሪያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንሻገር። በስምምነት ጽሑፍ ላይ ገለልተኛ የሚመስለው ግልግል በተግባር ገለልተኛ ያልሆነበት ዘመን ነበረና። በ1951 የአቡዳቢው ሼክ እና አንድ የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ ተከራከሩ። ጥያቄው ሼኩ በ1939 የሰጡት የነዳጅ ፈቃድ ከባሕሩ በታች ያለውን መሬት ይጨምራል ወይ የሚል ነበር። ዳኛው ሎርድ አስኪዝ የተባሉ የእንግሊዝ ዳኛ ናቸው። ውሉ የተፈረመው አቡዳቢ ውስጥ፣ የሚፈጸመውም አቡዳቢ ውስጥ ስለሆነ ሊሠራ የሚገባው የአገሬው ሕግ እንደነበር ራሳቸው ተቀበሉ። ነገር ግን እዚያ ኋላ ቀር አገር ለዘመናዊ የንግድ ውል የሚሆን ሕግ ይገኛል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው ብለው በሠለጠኑ አገሮች የጋራ ልማድ ልዳኝ አሉ። ያ የጋራ ልማድ ሲገለጥ የእንግሊዝን ሕግ ይመስል ነበር። የሚገርመው፣ ሼኩ በዋናው ነጥብ አሸነፉ፤ ከግዛት ባሕሩ ማዶ ያለው የባሕር ወለል በፈቃዱ ውስጥ አልተካተተም ተባለ። ያም ሆኖ ከድሉ ይልቅ ስድቡ ለብዙ ዓመታት ሲታወስ ኖሯል።

ሳውዲ አረቢያም የራሷ ትዝታ አላት። በ1954 መንግሥቱ ነዳጅን በመርከብ የማጓጓዝ መብት ለግሪካዊው ባለመርከብ ለአሪስቶትል ኦናሲስ ሰጠ። የነዳጅ ኩባንያው አራምኮ ይህ ቀደም ብሎ የተሰጠኝን መብት ይጥሳል ብሎ ተቃወመ፤ ጉዳዩ ለግልግል ቀረበና በ1958 መንግሥቱ ተረታ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ የሳውዲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ግልግል እንዳይሄዱ የሚከለክል ውሳኔ ወጣ።

እንግዲህ እነዚያው አገሮች ዛሬ ዱባይ፣ አቡዳቢና ሪያድ ላይ የራሳቸውን የግልግል ማዕከላት ከፍተው ደንበኛ ይሻማሉ። ሳውዲ አረቢያ በ1994፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2006 የኒውዮርኩ ስምምነት አባል ሆነዋል። ለውጡ የመጣው ቅያሜው ስለተረሳ አይመስለኝም። ግልግሉ በሌላ ሰው ቤት ሲካሄድ የተጎዱ ሰዎች ቤቱን ራሳቸው ለመሥራት ወሰኑ። በእስያም ሆንግ ኮንግ በ1985፣ ሲንጋፖር በ1991 ማዕከሎቻቸውን አቁመው ለንደንና ፓሪስን የሚፎካከሩ ሆነዋል። በአፍሪካ ካይሮ ከ1979፣ ሌጎስ ከ1989፣ ኪጋሊ ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው። ይሁንና የአፍሪካን ፕሮጀክት የሚመለከቱ ትልልቅ ክርክሮች አሁንም በብዛት የሚሰሙት ለንደን፣ ፓሪስና ጄኔቫ ነው፤ ከዳኞቹም መካከል አፍሪካውያን ጥቂት ናቸው።

ወደ ናይጄሪያ ጉዳይ እንምጣ። በጃንዋሪ 2010 የናይጄሪያ የነዳጅ ሚኒስቴር በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ከተመዘገበ ፒ ኤንድ አይ ዲ ከሚባል ትንሽ ኩባንያ ጋር የ20 ዓመት ውል ፈረመ። መንግሥት ጋዝ ያቀርባል፤ ኩባንያው ማጣሪያ ገንብቶ፣ ከጋዙ የሚወጣውን ፈሳሽ ለራሱ ወስዶ፣ የተጣራውን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ያለ ክፍያ ይመልሳል። ጋዙ አልቀረበም። ማጣሪያውም አልተገነባም። ኩባንያው በውሉ መሠረት መቀመጫው ለንደን ወደሆነ ግልግል ሄደ። በጃንዋሪ 2017 የጉባኤው አብላጫ ድምፅ ናይጄሪያ 6.6 ቢሊዮን ዶላር ከ7 በመቶ ወለድ ጋር ትክፈል ብሎ ወሰነ። ይህ ገንዘብ በ20 ዓመት ውስጥ ይገኝ ነበር የተባለ ትርፍ ነው። ወለዱ እየተቆለለ ዕዳው ከ11 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

በኒውዮርኩ ስምምነት አካሄድ ይህ ውሳኔ የናይጄሪያ ንብረት በሚገኝበት ሁሉ ሊፈጸም የሚችል ነበር። ናይጄሪያ የመቃወሚያ ጊዜውን አሳልፋ ነበር፤ በግልግሉ ላይ ያቀረበችውም መከላከያ ደካማ ነበር። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ጊዜ ያለፈበትን አቤቱታ ለመስማት ፈቀደ፤ የማጭበርበር ጥርጣሬው ከባድ ነው በማለት። በኦክቶበር 23 ቀን 2023 ዳኛ ሮቢን ኖልስ ፍርዳቸውን ሰጡ። ኩባንያው ለሚኒስቴሩ የሕግ ባለሙያ ጉቦ ከፍሏል፤ ለገላጋዮቹ ሐሰተኛ የምስክርነት ቃል አቅርቧል፤ ናይጄሪያ ከጠበቆቿ ጋር የተጻጻፈችውን ምስጢራዊ ሰነድ በእጁ አስገብቶ ተጠቅሞበታል ብለው ደመደሙ። የግልግሉ ውሳኔዎችም ተሻሩ።

ብዙዎች ይህን እንደ ድል ያወሩታል፤ እርግጥም ለናይጄሪያ ድል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ገላጋዮቹ በሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የእንግሊዝ የላይኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ። ከእነርሱ መካከል ማንም በሙስና አልተከሰሰም። የቀረበላቸውን ብቻ ሰሙ፤ ያልቀረበላቸውን አልጠየቁም። ዳኛ ኖልስም በፍርዳቸው መጨረሻ ላይ ያነሡት ይህንኑ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ገንዘብ የሚነካ፣ ይህን ያህል ግዙፍ ክርክር በዝግ ቤት፣ ጋዜጠኛም ሕዝብም ሳያየው መካሄዱ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል ብለዋል። ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ምስጢሩ መከበሩ ተገቢ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሲሆን ግን ያው ምስጢር ለጉቦ መደበቂያ ይሆናል። የዚህ ሙያ የወደፊት ዕጣ ከቴክኖሎጂ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል።

ቴክኖሎጂውንም ባጭሩ እናንሣ። ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ በቪዲዮ ክርክር መስማት የተለመደ ሆኗል፤ ለአንድ የአዋሳ ኩባንያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የምስክር የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ይቀራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሺህ የሚቆጠር ሰነድ አበጥሮ ማቅረብ ጀምሯል። ሰነድ ያበጥር፣ ማለፊያ ነው። ፍርዱን ግን ተከራካሪዎቹ በስም የመረጡት ሰው ራሱ ማሰብ አለበት፤ ለዚያ ነው የመረጡት። ሌላው አዲስ ነገር በክርክሩ ውስጥ የሌለ ባለገንዘብ ወጪውን ሸፍኖ ከተፈረደው ድርሻ የሚወስድበት አሠራር ነው፤ ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግ በ2017 በሕግ ፈቅደውታል። ገንዘብ ለሌለው ባለጉዳይ በር ይከፍታል። ክርክርን እንደ አክሲዮን መነገጃ የማድረግ አደጋም አለው።

ወጪ ካነሣን ዘንድ፣ በፓሪሱ የንግድ ምክር ቤት ክስ ለመክፈት ብቻ 5,000 ዶላር ይከፈላል፤ የማይመለስ ነው። የዳኞቹና የጠበቆቹ ክፍያ ከዚያ በላይ ነው። ተቋሙ በ2021 ደንቡ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክርክር በአንድ ዳኛ፣ በስድስት ወር ውስጥ እንዲያልቅ የሚያስችል የተፋጠነ ሥርዓት አስቀምጧል። ለእኛ አገር ነጋዴ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ግን መኖሩን አያውቁም።

አሁን ወደ አገራችን። ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም፤ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3325 ጀምሮ ስለ ግልግል ይደነግጋል። በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሰው ግን አንድ የአዲስ አበባ ክርክር ነው። ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ፣ ኋላ የሕዳሴውን ግድብ የገነባው ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በውሃ ማጠራቀሚያ ግንባታ ተጣላ። የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበረች። ጉባኤው ክርክሩን ፓሪስ ልስማ ሲል ባለሥልጣኑ ዳኞቹ አድልተዋል ብሎ ተቃወመ፤ ተቃውሞው በፓሪሱ ተቋም ሲወድቅበት ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሄዶ ዕግድ አወጣ። ጉባኤው በዲሴምበር 2001 ዕግዱን አልቀበልም፣ ግዴታዬ ለተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው ብሎ ቀጠለ። እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው፣ መቀመጫ ማለት ሰዎቹ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለመሆኑን ነው። መቀመጫው የየትኛው አገር ፍርድ ቤት ግልግሉን እንደሚቆጣጠር፣ ውሳኔውንም የትኛው ፍርድ ቤት ሊሽር እንደሚችል የሚወስን ነው። ፓሪስ ተቀምጦ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነ ክርክር ማካሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባቡሩ ነው። ኮንስታ የተባለ የተቋራጮች ኅብረት የድሮውን የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ለማደስ ተዋውሎ ነበር፤ ገንዘቡ ከአውሮፓ ኅብረት ነው። ጠቡ ወደ ግልግል ሄዶ በ2016 ለኮንስታ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ተፈረደለት። በሜይ 2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ችሎቱ ከዚያ በፊትም፣ ተዋዋዮች ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙ እንኳ መሠረታዊ ስሕተትን የማረም ሥልጣኔ አይቀርም የሚል አቋም ይዞ ነበር። ከናይጄሪያው ታሪክ በኋላ ይህን አቋም ያለ ምክንያት ነው ማለት ይከብዳል። የውጭ ተዋዋይ ግን ሲሰማው፣ አዲስ አበባን መቀመጫ ካደረግሁ ክርክሩ በሰበር እንደገና ይከፈታል ብሎ ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ደግሞ የውጭ ውሳኔ እዚህ የሚፈጸመው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 461 ነበር፤ ውሳኔው የመጣበት አገርም የእኛን ውሳኔ የሚፈጽም መሆኑን ይጠይቅ ነበር።

ሁለት አዋጆች ይህን ቀየሩት፤ በቁጥራቸው ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጅ ቁጥር 1184/2012 የኒውዮርኩን ስምምነት ተቀበለ፤ ስምምነቱ በኢትዮጵያ ላይ ከኖቬምበር 22 ቀን 2020 ጀምሮ ጸንቷል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር በአንድ ላይ ደነገገ። ፍቺ፣ ወንጀል፣ ግብር፣ የመሬት ጉዳይ በግልግል እንደማይታዩ ዘርዝሯል። ይግባኝ የሚኖረው ተዋዋዮቹ ከተስማሙበት ብቻ ነው። ወደ ሰበር መሄድ ግን የሚቀረው፣ ተዋዋዮቹ እንዲቀር በግልጽ ከተስማሙ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ስለ ሰበር ዝም ካላችሁ በሩ ክፍት ነው።

ስለዚህ ውል የምትፈርሙ አድማጮቻችን፣ መቀመጫውን አገርና ከተማ ጠርታችሁ ጻፉ። ደንቡ የማን እንደሆነ ግለጹ፤ የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ከ2002 ጀምሮ ይሠራል፣ ለመካከለኛ ውል ከፓሪስ ይልቅ ይቀርባል። ዳኛው አንድ ነው ወይስ ሦስት፣ ቋንቋው ምንድን ነው፣ ውሉስ በየትኛው አገር ሕግ ይተረጎማል? የሰበርን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ቁረጡት። ከሁሉ የሚከፋው «ጠብ ቢነሣ በግልግል ወይም በፍርድ ቤት ይታያል» የሚል አጻጻፍ ነው፤ እንዲህ የተጻፈ ውል ዋናው ጠብ ሳይጀመር ስለ ቦታው ብቻ ዓመት ያከራክራል። ሸሪካችሁ አዲስ አበባን አልቀበልም ካለ ለንደን እንጂ ሌላ የለም ብላችሁ አትፈርሙ፤ ኪጋሊና ካይሮም አሉ።

አዲስ አበባ ራሷ በውጭ ተዋዋዮች የምትመረጥ መቀመጫ ትሆን ዘንድ ሕጉ አሁን አለ። የውጭ ጠበቃ ግን አዋጁን አንብቦ አያበቃም፤ ሰበር ችሎት ከአዋጁ በኋላ የሰጣቸውን ውሳኔዎች አስተርጉሞ ያነባል። እነዚያ ውሳኔዎች በየጊዜው ታትመው፣ ተዋዋዮች የተስማሙበትን በእርግጥ ያከበሩ መሆናቸው ሲታይ ነው ደንበኛዬን አዲስ አበባ ብለህ ጻፍ የሚለው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን በ2018 ስለጸደቀው የሲንጋፖር የዕርቅ ስምምነት እንነጋገራለን።